ስኳር የሌለበት ሰው ለዕድሜ ብሎ ሜትፎርሚን ይውሰድ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስኳር የለባቸውም። ደም ግፊት ስላለባቸው አምሎዲፒን ይወስዳሉ። ጠዋት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግራቸው ይወጣሉ። አጽዋማቱንም አያጓድሉም። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ ሰው አግኝቶ ሜትፎርሚን ላከላቸው፤ ባለ 1000 ሚሊግራም ነው። ‹እርጅናን ያዘገያል፤ እዚህ ሐኪሞቹ ራሳቸው የሚወስዱት አሉ› ይላል። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ እንዲወስዱ ነግሯቸዋል። አባቴ ደግሞ ‹ልጄ ካለ ይሁን› ብለው ሊጀምሩ ነው። እኔ ፈራሁ። ላስጀምራቸው? ልጃቸው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። አያስጀምሯቸው። ይህን ስል ግን ወንድምዎ ከመሬት ተነስቶ ተናገረ ማለቴ አይደለም። ለአባቱ ብሎ ነው የላከው። የሰማው ነገርም ትላልቅ ተመራማሪዎች በቁም ነገር የያዙት ጉዳይ ነው። እኔም ስኳር ክትትል ክፍል ስሠራ ደጋግሜ ከምጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ታካሚዎቼ መድኃኒታቸውን ጽፌ ስሰጣቸው «ባለቤቴም ትውሰደው እንዴ?» ይሉኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ሜትፎርሚን አዲስ መድኃኒት አይደለም። መነሻው ጋሌጋ የሚባል፣ በአውሮፓ የሚበቅል ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ነው። ተክሉ ውስጥ ስኳር የሚያወርድ ነገር አለ፤ ግን መርዝነትም አለው። የዚያ ንጥረ ነገር የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 ደብሊን ውስጥ በቤተ ሙከራ ተሠራ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1957 ዣን ስተርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ታካሚዎች ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ። የንግድ ስሙም ግሉኮፋጅ ተባለ። «ስኳር በል» እንደማለት ነው። አሜሪካ ግን የፈቀደችው በ1994 መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ዋጋውም ከብዙዎቹ የስኳር መድኃኒቶች ይረክሳል። እኔ በየቀኑ የማዘው መድኃኒት ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው ባለውለታ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ጉበታችን ተኝተን እንኳን ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ጉበት ይህን ያበዛዋል። ሜትፎርሚን ጉበቱን ያቀዘቅዘዋል። ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን አያስወጣም። ስለዚህ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

የእርጅና ተመራማሪዎችን ቀልብ የሳበው ግን ሴል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ሴል ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ምድጃዎች አሉት። ሜትፎርሚን የምድጃውን እሳት በትንሹ ያበርዳል። ያኔ ሴሉ ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል። እንደ ረሃብ ጊዜ ይሆናል፤ ማደጉንና መከዘኑን ቀነስ አድርጎ ያለውን መጠገን ይጀምራል። ምግባቸው የተቀነሰባቸው የላቦራቶሪ አይጦች ረዥም ዕድሜ እንደሚኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ ሰው ሳይራብ የረሃብን ጥቅም በኪኒን ቢያገኝስ? ጥያቄው ይኼ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው።

ማስረጃው ጋ እንምጣ። በ1998 በእንግሊዝ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። ስኳር ገና የተገኘባቸው፣ ክብደታቸውም ከፍ ያለ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው 342 ሰዎች ነበሩ። በአመጋገብ ምክር ላይ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ በዕጣ ተከፋፍለው የተከናወነ ሙከራ ስለሆነ እኛ ሐኪሞች እናከብረዋለን። ግን ልብ ይበሉ፣ ሁሉም ስኳር ያለባቸው ናቸው።

ወሬውን ያራገበው በ2014 የወጣው ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በብሪታንያ የሕክምና መዝገብ ላይ ሜትፎርሚን የሚወስዱ 78,241 የስኳር ታካሚዎችን ወሰዱ። በዕድሜና በፆታ ከሚመሳሰሏቸው ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አወዳደሩ። ታካሚዎቹ ከጤነኞቹ በልጠው ኖሩ! ይህን ሲሰሙ ማን አይደነግጥም? በሽተኛው ከጤነኛው ከበለጠ፣ ጤነኛው ቢወስደውማ የት ይደርሳል ተባለ። የወንድምዎ ሐሳብም ሥሩ እዚህ ይመስለኛል።

ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነው። አንድ ታካሚ ስኳሩ እየከፋ ሄዶ ሌላ መድኃኒት ከተቀየረለት ወይም ከተጨመረለት ከቆጠራው ይወጣል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው የሚቆጠሩት ስኳራቸው በአንድ ኪኒን የተያዘላቸው፣ የተሻሉት ናቸው። ሩጫ ላይ የደከመውን ሁሉ እያስወጡ የቀሩትን ብቻ ሰዓት እንደመያዝ ነው። በ2022 የዴንማርክ ተመራማሪዎች በአገራቸው መዝገብ ላይ ጥያቄውን እንደገና መረመሩት። መድኃኒታቸው የተቀየረውንም ሳያስወጡ ሲቆጥሩ ብልጫው አልተገኘም። ሜትፎርሚን የሚወስዱት ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ይልቅ ቀድመው ይሞቱ ነበር። ይህ ማለት መድኃኒቱ ገደላቸው ማለት አይደለም። ስኳር በሽታ ዕድሜ ያሳጥራል፤ ሜትፎርሚንም ያንን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም ማለት ነው።

እንስሳቱስ? በ2013 በወጣ ጥናት መድኃኒቱ ወንድ አይጦች ላይ በትንሽ መጠን ሲሰጥ ዕድሜያቸውን 5 በመቶ ገደማ አስረዘመ። መጠኑ በ10 እጥፍ ሲጨምር ግን አሳጠረው፤ ኩላሊታቸው ተጎዳ። በኋላ ሦስት የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች አንድ ላይ ሆነው ያንኑ ትንሽ መጠን ሲሞክሩት በስታቲስቲክስ የሚታመን ጭማሪ አላገኙም። ትንንሽ ትሎች ላይ ደግሞ ገና በወጣትነት ሲጀመር ይጠቅማል፤ ካረጁ በኋላ ሲጀመር ይጎዳል የሚል ውጤት በ2020 ወጥቷል። ትል ሰው አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን የምንነጋገረው ስለ 68 ዓመት ሰው ስለሆነ ይህቺን ነጥብ ማለፍ አልፈለግሁም።

በ2024 ደግሞ ከቻይና አንድ ውጤት መጣ። እኔንም ቁጭ ብዬ እንዳነብ ያደረገኝ ነው። 12 ያረጁ ወንድ ጦጣዎች ለ40 ወር ገደማ ሜትፎርሚን ተሰጣቸው። የብዙ አካሎቻቸው የእርጅና ምልክት ቀነሰ። የአንጎላቸው ዕድሜ በልኬት 6 ዓመት ያህል ወደ ኋላ የተመለሰ መሰለ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን 12 ናቸው፣ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ የተለካውም የእርጅና ምልክት እንጂ የኖሩት ዕድሜ አይደለም። ተስፋ ይሰጣል፤ ለአባትዎ ኪኒን ለማስጀመር ግን አይበቃም።

ሰው ላይ ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበው ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ገና ያልያዛቸው፣ ግን ጠርዙ ላይ የደረሱ 3,234 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን ወሰደ። አንዱ የማስመሰያ ኪኒን ተሰጠው። ሦስተኛው ክብደት እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደገፈ። ውጤቱ በ2002 ወጣ። ሜትፎርሚን ወደ ስኳር መግባትን በ31 በመቶ ቀነሰ። እንቅስቃሴና አመጋገብ በ58 በመቶ ቀነሰ። አሁን የአባትዎን ዕድሜ ያስቡ። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ላይ እንቅስቃሴው 71 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚኑ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላሳየም። ወጣትና ከባድ ክብደት ያላቸው ላይ ነበር የበረታው።

እነዚያን ሰዎች 21 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። የሟቾቹ ቁጥር በ2021 ታተመ። ሜትፎርሚን የወሰዱትም ሆነ የማስመሰያ ኪኒን የወሰዱት የሞት መጠን አንድ ዓይነት ነበር። ታማኝ ልሁንና፣ በእንቅስቃሴው ቡድንም ሞት አልቀነሰም። ስኳርን መከላከሉ ግን በሁለቱም ታይቷል።

ታዲያ ጥያቄውን በቀጥታ የሚፈታ ጥናት የለም? ታቅዷል። ኒው ዮርክ ውስጥ አልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ የሚሠሩት ኒር ባርዚላይ የሚመሩት ነው፤ ቴም ይባላል። ስኳር የሌለባቸው፣ ከ65 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 3,000 ሰዎችን ለ6 ዓመት መከታተል ነው ሐሳቡ። የሚለካው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። የልብ ሕመም፣ ካንሰር፣ የመርሳት ችግርና ሞት አብረው ይታያሉ። አባትዎ በትክክል እዚያ የዕድሜ ክልል ውስጥ ናቸው። ሐሳቡ ለአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የቀረበው በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የተጓተተው በገንዘብ ነው። ሜትፎርሚን የማንም የባለቤትነት መብት የሌለበት ርካሽ መድኃኒት ስለሆነ ለዚህ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የመድኃኒት ኩባንያ አይገኝም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ቢሠራ ለድሃ አገር የሚደርስ መድኃኒት ነበርና።

አሁን ለምን «ጉዳት ከሌለው ይሞክሩት» እንደማልል ልንገርዎ። ሁለት ነገር አለ። ሁለቱም አባትዎን በቀጥታ ይነካሉ።

አንደኛው እንጦጦ ነው። አባትዎ በየጠዋቱ ያን ዳገት ሲወጡ ጡንቻቸው ውስጥ ያሉት ምድጃዎች ይጨናነቃሉ። መጨናነቃቸው ነው የሚጠቅመው። ሰውነት «ይህ አልበቃም» ብሎ ተጨማሪ ምድጃ ይሠራል፣ ያለውንም ያጠነክራል። ሜትፎርሚን ደግሞ፣ ቅድም እንዳልኩት፣ እዚያው ምድጃ ላይ እጁን ያስገባል። በ2019 ሁለት ጥናቶች ወጡ። በአንደኛው ዕድሜያቸው 62 አካባቢ የሆኑ ሰዎች ለ12 ሳምንት ልብና ሳንባ የሚያሠራ ስፖርት ሠሩ። ግማሾቹ ሜትፎርሚን ወሰዱ። ስፖርቱ ለምድጃዎቹና ለኢንሱሊን ሥራ ያመጣው መሻሻል ሜትፎርሚን በወሰዱት ላይ አንሶ ተገኘ። በሁለተኛው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች ለ14 ሳምንት ክብደት አነሱ። መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ የወሰዱት ጡንቻቸው ያደገው ያነሰ ነበር።

እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ማለት ሽንት ቤት ገብቶ ራስን ችሎ መነሳት ነው። ሳይወድቁ ደረጃ መውረድ ነው። የ68 ዓመት ሰው ሽሮ ሜዳ ተነስቶ እንጦጦ የሚደርስ ከሆነ በእጁ የያዘው ሀብት ትንሽ አይደለም። ጥቅሙ ላልተረጋገጠ ነገር ብዬ ያን አልነካም። ስኳር ላለበት ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ለእሱ መድኃኒቱ የሚሰጠው ይበልጣል፤ ስፖርቱንም መድኃኒቱንም አብሮ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። ጾም መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱኝ። ነገሩ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ሽሮ ውስጥ የለም፣ ጎመን ውስጥ የለም፣ ጤፍ ውስጥ የለም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመር ሁሉንም የሚጾም ሰው የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከቢ12 ምንጭ ርቆ ያሳልፋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ ብዙ ሰው አይጎዳም። ሜትፎርሚን ግን ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ማጠራቀሚያው ይሟጠጣል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጨጓራም ይህን ቫይታሚን ከምግብ ላይ ማላቀቅ ይከብደዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ አስቡት።

አንድ አባት አስታውሳለሁ። ስኳር ስላለባቸው ሜትፎርሚን 9 ዓመት ወስደዋል። ጾመኛ ናቸው። እኔ ጋ የመጡት እግራቸው ደንዝዞና እያቃጠላቸው ነው። «ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ አላወቅሁትም፤ ሰው ነው ጠርቶ ያቀበለኝ» አሉኝ። ሁሉም ሰው «ስኳሩ ነው» ብሏቸዋል። የሚንቀጠቀጠውን የምርመራ ብረት መትቼ አውራ ጣታቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ይሰማዎታል?» ስላቸው «የቱ?» አሉኝ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አደረግሁት። ዝም። ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ «እህ፣ አሁን መጣ» አሉ። ምላሳቸውን አየሁት፤ ቀልቶ እንደ መስታወት ለስልሷል። ደማቸው ሲመረመር ቢ12 ወርዶ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን አልተለካላቸውም። መርፌ ጀመርንላቸው። ከወራት በኋላ ማቃጠሉ ቀለለ፣ ብረቱም ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይሰማቸው ጀመር። አውራ ጣታቸው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ነርቭ ረዥም ጊዜ ከተጎዳ እንዲህ ነው።

እሳቸው ስኳር ስላለባቸው መድኃኒቱን አላቋረጥንም፤ ቢ12ን እየለካን እንሰጣለን። አባትዎ ግን ስኳር የለባቸውም። ያንን አደጋ ለምን ብለው ይሸከማሉ?

ስለ ኩላሊትም አንድ ነገር ልበል። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ ይጠራቀማል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። ይህ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው፤ ሲመጣ ግን ሕይወት ያጠፋል። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከሆነ አይወሰድም፤ ከ30 እስከ 45 ባለው ደግሞ አዲስ አናስጀምርም። ደም ግፊት ለዓመታት ያለበት ሰው ኩላሊቱ ድምፅ ሳያሰማ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ሳይመረመሩ መጀመር የለም።

መጠኑም ትክክል አይደለም። እኛ ስኳር ላለበት ሰው ስንጀምር በ500 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር ነው፤ ከዚያ በሳምንት በሳምንት ከፍ እናደርጋለን። በቀን 2000 ድንገት የጀመረ ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። አባትዎ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ «ጠዋትና ማታ» የተባለው የጠዋቱ ኪኒን በባዶ ሆድ ሊሆን ነው።

አሁን ምን ይደረግ? አባትዎን ለዚሁ ምርመራ ይውሰዷቸው። የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ ክሬአቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የሽንት ፕሮቲን፣ ኮሌስትሮል፣ ሙሉ የደም ቆጠራና ከተቻለ ቢ12 ይሠራላቸው። ቢ12 ሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራውም፤ ደውለው ይጠይቁ። ግፊታቸውንም ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ለክተው ይጻፉት። የአባትዎን ዕድሜ የሚያሳጥር ነገር ካለ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ያልተያዘ ግፊት ነው። ግፊትን በደንብ መያዝ ስትሮክን እንደሚቀንስ ደግሞ ጥርጥር የለውም።

የሦስት ወር ስኳራቸው ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ሆኖ ከመጣ ጠርዙ ላይ ናቸው ማለት ነው። ያኔም በዚህ ዕድሜ ቅድሚያ የምሰጠው ለአመጋገባቸውና ለእግር ጉዟቸው ነው። 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ይደገማል። ከጸና ግን ያው ሜትፎርሚን በትክክለኛ ቦታው መጣ ማለት ነው፤ እኔም በደስታ እጽፈዋለሁ።

ወንድምዎን አይቆጡት። እንዲህ ይበሉት፦ «አባዬን ሐኪም አይቷቸው ስኳር ካልተገኘባቸው አይወስዱም፤ ግፊታቸውን ቤት የምንለካበት የክንድ መለኪያ ላክልን።» ሰው ከመጣ የሚጠቅመው እሱ ነው። እሱ ራሱ ስኳር ሳይኖርበት እየወሰደ ከሆነ ደግሞ እዚያ ላለው ሐኪሙ ይንገር፤ ኩላሊቱንና ቢ12ን ያሳይ። ኪኒኑን ለጎረቤት አያስተላልፉት። ደግነት ይመስላል፣ ግን የማን ኩላሊት ምን እንደሆነ አናውቅም።

ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሮቹን ከነልኬታቸው ጽፈው ይላኩልኝ። የአባትዎን ክብደትና ቁመትም ይጨምሩ። በተለይ ክሬአቲኒኑን አይርሱ።